ባለቁልፍ የዳንቴል ሹራብ በሁለት መርፌ፦ ከመጀመሪያው ዓይን እስከ መጨረሻው ቁልፍ

ጅማ ውስጥ ወፍራም ሹራብ ለብሶ የወጣ ሰው አራት ሰዓት ላይ አውልቆ ክንዱ ላይ ይዞት ይዞራል። ጠዋት ይበርዳል፣ እሱ እውነት ነው። ማታም በአዌቱ ወንዝ በኩል ስታልፊ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይነካሻል። ግን ከተማችን ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ለዚያ ብርድ የተሠራ ሹራብ እዚህ ቀትር ላይ ያልባል። ለእኛ የሚሆነው ትከሻ ላይ ቀለል ብሎ የሚያርፍ፣ አየር የሚያስገባ፣ ከፊት በቁልፍ የሚከፈትና የሚዘጋ የዳንቴል ሹራብ ነው። ዛሬ እሱን ከሀ እስከ ፐ እንሠራለን።

ዳንቴል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በኪሮሽ የሚሠራውን የጠረጴዛና የሶፋ ልብስ ነው። ይኼኛው በኪሮሽ ሳይሆን በሁለት የሹራብ መርፌ ነው የሚሠራው። ከኪሮሽ ይልቅ ይሳሳል፣ ይለሰልሳል፣ ሰውነት ላይ ይወርዳል። እንዲህ ከፊት የሚከፈተው ሹራብ ካርዲጋን የሚባለው በአንድ የእንግሊዝ መኮንን ማዕረግ ነው። ሰውየው የካርዲጋን ኧርል ጀምስ ብሩድኔል ነው፤ በ1854 እ.ኤ.አ. በክራይሚያ ጦርነት ባላክላቫ ላይ ፈረሰኛ የመራው። የጦር ሜዳ ልብስ ነበር፣ ዛሬ ግን ከቀሚስ በላይ ጣል የምናደርገው ሆኗል።

ሥራው ውስጥ ሳንገባ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዳንቴል ሂሳብ ነው። ቀዳዳ በከፈትሽ ቁጥር መርፌው ላይ አንድ ዓይን ይጨመራል። ስለዚህ እዚያው አጠገቡ ሁለት ዓይን አጣምረሽ አንድ መቀነስ አለብሽ። አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ቅናሽ። ሚዛኑ ከተጠበቀ ሹራቡ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሚዛኑ ከተናጋ ወይ እንደ ጃንጥላ ይሰፋል ወይ ይጠባል፣ አንቺም የት እንደተሳሳትሽ ስትፈልጊ ይመሻል።

ምን ምን ያስፈልጋል

ክሩ መካከለኛ ውፍረት ያለው ይሁን። ስስ የሕፃን ክር አይደለም፣ ወፍራም የብርድ ልብስ ክርም አይደለም። ወረቀቱ ላይ መርፌ 4 ሚሊ ሜትር የሚል ካለው ትክክል ነው። ደረትሽ 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከሆነ 400 ግራም ያህል ይጨርሳል፤ አንቺ ግን 500 ግራም ግዢ። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ። ወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ስም ሌላ የማቅለሚያ ዙር ቁጥር አለ፣ የሁሉም ድቡልቡል አንድ ዓይነት መሆኑን እዚያው ቆመሽ አረጋግጪ። እኔ አንዴ ሦስት ድቡልቡል ገዝቼ ጀመርኩና አንዱ እጅጌ ላይ አለቀብኝ። ተመልሼ ያንኑ ነጭ ገዛሁ። ሱቅ ውስጥ አንድ ይመስሉ ነበር። ፀሐይ ላይ ሳወጣው አንዱ ነጭ፣ አንዱ ወተት ቡና። ያንን እጅጌ ፈትቼ ለሕፃን ኮፍያ አደረግሁት።

ሄርማታ መርካቶ ውስጥ፣ በተለይ ሐሙስ ገበያ ሲደምቅ፣ ክር ስትመርጪ በዓይን ብቻ አትምረጪ። ጫፉን ጎተት አድርጊ፣ በጣትሽ ጠምዝዢው። ቶሎ የሚበታተንና ጸጉር የሚያወጣ ክር ለዳንቴል አይሆንም፣ ቀዳዳዎቹን ይሸፍናቸዋል። ለስላሳና የተገመደ ክር ያምራል። ዥንጉርጉር ቀለም ያለውንም ተዪው። ድካምሽ ሁሉ ቀዳዳው ላይ ነው፣ ቀለሙ ከበዛ ማንም አያየውም።

ከክር ዓይነት ሱፍ እጅግ ታዛዥ ነው፣ ታጥቦ ሲወጠር ቅርጹን ይይዛል። ጥጥ ለጅማ ቀትር ደስ ይላል፣ ግን ይከብዳል፤ ከለበስሽው በኋላ ወደ ታች ይረዝማል። በጥጥ ከሠራሽ ርዝመቱን ሦስት ሴንቲ ሜትር አሳጥሪው። አክሪሊክ በየሱቁ አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሪ ከሆነ በእሱ ጀምሪ። አወጣጠሩ ግን ለየት ይላል፣ ስንደርስበት እነግርሻለሁ።

መርፌ ሁለት ጥንድ ያስፈልግሻል፦ 4 ሚሊ ሜትርና 4.5 ሚሊ ሜትር። እኔ ልጅ ሆኜ የጀመርኩት በብስክሌት ጎማ ሽቦ ነበር፤ ለመደበኛ ሹራብ ሠርቶልኛል፣ ለዳንቴል ግን በጣም ይቀጥናል፣ ዓይኖቹን ያፍናቸዋል። በተጨማሪ ጫፉ ያልሾለ ትልቅ የስፌት መርፌ፣ ሜትር፣ መቀስ፣ አምስት ቁልፍ፣ ከሹራቡ ቀለም የሚለይ ቀጭን የዳንቴል ክር፣ ዓይን ለመለየት የሚሆን ትንንሽ የክር ቀለበት። ደብተርና እርሳስም ያዢ።

ስትቀመጪ ደግሞ ክንድሽ ነፃ ይሁን። የጅማ ወንበር፣ ያ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግር፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚመስለኝ። መደገፊያ አለው፣ የክንድ ማሳረፊያ ግን የለውም። ሶፋ ላይ ግን ክርንሽ ይታሰራል፣ ትከሻሽም ቶሎ ይደክማል። እና ቡና ሲቆላ ሹራቡን ከዚያ ክፍል አውጪው። ሱፍ ጭሱን ይጠጣዋል፣ ሲታጠብም ቶሎ አይለቅም።

መግባቢያ ቃሎቻችን

ዓይን የምለው መርፌው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቀለበት ነው። ቀጥታ ማለት ክሩ ከሥራው ኋላ ሆኖ መርፌውን ከፊት ወደ ኋላ አስገብተሽ የምታወጪው ተራው ዓይን ነው። ግልባጭ ማለት ክሩ ከፊት ሆኖ መርፌውን ከኋላ ወደ ፊት የምታስገቢበት ነው። እነዚህን ሁለቱን የምታውቂ ከሆነ ዳንቴሉን ትችይዋለሽ። የሚጨመሩት አራት እንቅስቃሴዎች ብቻ ናቸው።

ቀዳዳ፦ ክሩን በሁለቱ መርፌዎች መካከል ወደ ፊት አምጪው፣ ከዚያ ቀጣዩን ዓይን እንደተለመደው ሥሪ። ክሩ በቀኙ መርፌ ላይ ተሻግሮ ይተኛል። ያ የተኛው ክር አዲስ ዓይን ነው። በሚቀጥለው ረድፍ ግልባጭ ስትሠሪው ከሥሩ ክብ ቀዳዳ ይከፈታል።

ቀኝ ጥምር፦ ሁለት ዓይን አንድ ላይ ወግተሽ እንደ አንድ በቀጥታ ሥሪ። ጥምሩ ወደ ቀኝ ያጋድላል።

ግራ ጥምር፦ ሁለት ዓይን ሳትሠሪ አንድ በአንድ፣ በቀጥታ እንደምትሠሪ አድርገሽ ወደ ቀኙ መርፌ አሳልፊ። እንደተገለበጡ ወደ ግራው መልሻቸው። አሁን ሁለቱንም ከኋላ በኩል ወግተሽ አንድ ላይ ሥሪ። ይኼ ወደ ግራ ያጋድላል። ብዙ ሰው ማዞሩ ይሰለቸውና በሁለቱም በኩል ቀኝ ጥምር ይሠራል። እባክሽ አታድርጊው። የዳንቴሉ ውበት ሁለቱ ጥምሮች ተያይተው ቅጠል መምሰላቸው ነው፣ አንድ ዓይነት ከሆኑ ቅጠሉ ይጣመማል።

የሦስት ጥምር፦ አንድ ዓይን ሳትሠሪ አሳልፊ፣ ቀጣዮቹን ሁለት አንድ ላይ በቀጥታ ሥሪ፣ ከዚያ ያሳለፍሽውን አንሥተሽ በላዩ አሻግሪና ጣዪው። ሦስት ዓይን አንድ ሆነ፣ ማለትም ሁለት ተቀነሰ። ስለዚህ በግራና በቀኙ ሁለት ቀዳዳ ይኖረዋል።

ዳንቴሉ ራሱ

አራት ረድፍ ብቻ ነው፣ ከዚያ ይደጋገማል። የዓይኖቹ ብዛት ሁልጊዜ በ6 የሚካፈል ቁጥር ሆኖ 5 ይጨመርበታል። 29፣ 47፣ 101፣ እንዲህ ያለ።

ረድፍ 1፦ 3 ቀጥታ። ከዚያ ይህን ድገሚ፦ ቀዳዳ፣ ግራ ጥምር፣ 1 ቀጥታ፣ ቀኝ ጥምር፣ ቀዳዳ፣ 1 ቀጥታ። መጨረሻ ላይ የሚቀሩሽን 2 ቀጥታ።
ረድፍ 2፦ ሁሉም ግልባጭ።
ረድፍ 3፦ 4 ቀጥታ። ከዚያ ይህን ድገሚ፦ ቀዳዳ፣ የሦስት ጥምር፣ ቀዳዳ፣ 3 ቀጥታ። መጨረሻ ላይ 1 ቀጥታ።
ረድፍ 4፦ ሁሉም ግልባጭ።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንየው። ረድፍ 1 ላይ በአንድ ድግግሞሽ ሁለት ቀዳዳ አለ፣ ሁለት ጥምር አለ። ተቻቻሉ። ረድፍ 3 ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፣ አንድ የሦስት ጥምር አለ፣ እሱ ብቻውን ሁለት ይቀንሳል። ተቻቻሉ። ስለዚህ በግልባጭ ረድፍ ላይ ምንም አዲስ ነገር ስለማትሠሪ፣ ያንን ረድፍ ለመቁጠሪያ ተጠቀሚበት። በአንዱ ድግግሞሽና በሚቀጥለው መካከል የክር ቀለበት አስገቢ፤ በሁለት ቀለበት መካከል 6 ዓይን መኖር አለበት። አምስት ካገኘሽ ቀዳዳ ረስተሻል፣ ሰባት ካገኘሽ ጥምር ረስተሻል። እዚያው ላይ ሲያዝ ማስተካከሉ ደቂቃ አይፈጅም። ረድፍ 3 ላይ የሦስት ጥምሩ ቀለበቱን እንዳይነካው ቀለበቱን ሁልጊዜ ከቅጠሉ ጫፍ፣ ማለትም ከረድፍ 1 ቀዳዳ በፊት አድርጊው።

ቀዳዳ ረስተሽ በግልባጩ ላይ ካወቅሽ መፍታት አያስፈልግም። ቀዳዳው በነበረበት ቦታ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለውን አግድም ክር በመርፌ አንሺና እንደ ዓይን ሥሪው። ከሌሎቹ ትንሽ ይጠባል፣ ታጥቦ ሲወጠር ግን ይመሳሰላል።

አሁን ስለ ነፍስ አድን ክር። ሹራብ ያስተማሩኝ፣ እትዬ እያልን የምንጠራቸው ጎረቤታችን ናቸው። እሳቸው ዳንቴል ሲሠሩ በየ12 ረድፉ ቀጭን ቀይ ክር በስፌት መርፌ በሁሉም ዓይኖች ውስጥ ያሳልፉ ነበር። ክሩ እዚያው ይቀራል፣ ሥራው ይቀጥላል። እኔ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። ከዚያ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ስሠራ የሦስት ጥምር አምልጦኝ ወረደ። ተራ ሹራብ ላይ የወረደ ዓይን በኪሮሽ ይመለሳል። ዳንቴል ላይ ግን ቀዳዳውንም ጥምሩንም ይዞ ነው የሚወርደው፣ የቱ የማን እንደነበር አይታወቅም። ሙሉውን 20 ሴንቲ ሜትር ፈታሁት። እትዬ ምንም አላሉኝም፣ ቀይ ክር ቆርጠው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ ወዲህ ያለ ነፍስ አድን ክር ዳንቴል ሠርቼ አላውቅም። ስህተት ከመጣ መርፌውን አውጥተሽ እስከ ክሩ ድረስ ትፈቺያለሽ፣ እዚያ ሁሉም ዓይን ተሰልፎ ይጠብቅሻል። ክሩን ሁልጊዜ ከረድፍ 4 በኋላ አሳልፊው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ረድፍ 1 መሆኑን እንዳትረሺ።

መሞከሪያ ቁራጭ

በ4.5 ሚሊ ሜትር መርፌ 29 ዓይን ጀምሪ። ዳንቴሉን አሥር ጊዜ ደጋግመሽ 40 ረድፍ ሥሪና ዝጊው። እጠቢው፣ በመርፌ ቁልፍ ወይም በስፒል ወጥረሽ አድርቂው። ከዚያ መሃሉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ለኪ። ወርዱ ላይ 20 ዓይን፣ ቁመቱ ላይ 28 ረድፍ እፈልጋለሁ። 22 ዓይን ከሆነብሽ እጅሽ ጠበቅ ያለ ነው፣ በ5 መርፌ ሞክሪ። 18 ከሆነ እጅሽ ልል ነው፣ በ4 ሞክሪ። ሳይታጠብ አትለኪ። ዳንቴል ሳይታጠብ የተጨማደደ ነገር ነው፣ ልኩ የሚታወቀው ውኃ ካየ በኋላ ነው። ይህን ቁራጭ አትጣዪው፣ ስለ መተኮስ ስናወራ ያስፈልገናል።

ጀርባ

በ4 መርፌ 101 ዓይን ጀምሪ። ስትጀምሪ ላላ አድርጊው፤ ሁለቱን መርፌ አንድ ላይ ይዘሽ ዓይኖቹን ከጫንሽ በኋላ አንዱን ማውጣት ጥሩ ዘዴ ነው። ጠባብ ጅማሬ ሹራቡን ከታች እንደ ከረጢት ይቋጥረዋል። ለጠርዙ 1 ቀጥታ፣ 1 ግልባጭ እያፈራረቅሽ 14 ረድፍ ሥሪ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በሚቀጥለው ረድፍ ቀጥታው በቀጥታ ላይ፣ ግልባጩ በግልባጭ ላይ ይረፍ።

ከዚያ ወደ 4.5 መርፌ ቀይሪና ዳንቴሉን ጀምሪ። በአንድ ረድፍ 16 ድግግሞሽ ይኖርሻል። አራቱን ረድፍ 36 ጊዜ ሥሪ፣ ማለት 144 ረድፍ። በደብተርሽ ላይ አራት ረድፍ በጨረስሽ ቁጥር አንድ መስመር አስምሪ። ጠቅላላ ርዝመቱ 56 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ላላ አድርገሽ ዝጊ። የብብት ቅርጽ የለም፣ የአንገት ቅርጽም የለም። ሆን ብዬ ነው። ዳንቴል እየሠሩ ብብት መቀነስ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ቦታ ነው፣ ይኼ ሹራብ ግን ትከሻው ወደ ክንድ ወረድ የሚል ስለሆነ ቀጥ ያለ ቁራጭ ይበቃዋል።

ልኩ ካልሆነሽ እንዲህ አድርጊ። ሰፋ ላለ ሰውነት ጀርባውን 113፣ እያንዳንዱን ፊት 53 ዓይን አድርጊው፤ ዙሪያው 12 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፣ ክርም 100 ግራም ጨምሪ። ለቀጭን ጀርባው 89፣ ፊቱ 41። ቀሪው ሁሉ ያው ነው።

ሁለቱ ፊቶች

እያንዳንዱን በ4 መርፌ በ47 ዓይን ጀምሪ፣ ጠርዙን 14 ረድፍ፣ ከዚያ በ4.5 ዳንቴሉን 22 ጊዜ ሥሪ። እዚህ ድረስ ሁለቱ አንድ ናቸው። ከዚህ በኋላ አንገቱ ይጀምራል፣ ልብ በይ።

ስትለብሺው በቀኝሽ በኩል የሚሆነውን ፊት አስቀድሚ። የእሱ አንገት ከረድፍ 1 መጀመሪያ በኩል ነው። መጀመሪያ ላይ ካሉት ሦስት ቀጥታዎች ቀጥሎ ያለውን አንድ ሙሉ ድግግሞሽ፣ ስድስቱን ዓይን፣ ዳንቴል መሥራትሽን አቁመሽ ተራ ሹራብ አድርጊው፣ ማለትም በረድፍ 1ና 3 ቀጥታ፣ በረድፍ 2ና 4 ግልባጭ። አሁን በአንገቱ በኩል 9 ተራ ዓይን አለሽ። በየረድፍ 1 ላይ 2 ቀጥታ፣ ከዚያ አንድ ግራ ጥምር፣ የቀረውን እንደ ወትሮው። በአራት ረድፍ አንድ ዓይን ይቀነሳል። ተራዎቹ ዓይኖች ስድስት ጊዜ ተቀንሰው 3 ሲቀሩ፣ ቀጣዩን ድግግሞሽ ደግሞ ወደ ተራ ቀይሪው። እንዲህ እያልሽ 14 ጊዜ ቀንሺ። 33 ዓይን ይቀርሻል፣ ድግግሞሹም 36 ይሞላል። ዝጊ።

በአንገት ላይ ዝም ብሎ ከዳንቴሉ ውስጥ የቀነሰ ሰው ግማሽ ቅጠል ይቀርበትና ቀዳዳው ያለ ጥምር፣ ጥምሩ ያለ ቀዳዳ ይሆናል። ሙሉ ቅጠል ካልገባ ግማሹን አትሥሪ፣ ተራ አድርጊው። በአንገቱ ዳር የሚቀረው ጠባብ ተራ መስመር ደግሞ ራሱ ጠርዝ ይመስላል፣ እኔ እወደዋለሁ።

የግራው ፊት የዚህ ተቃራኒ ነው። አንገቱ ከረድፍ 1 መጨረሻ በኩል ነው። የመጨረሻውን ድግግሞሽ ተራ አድርጊ፣ 8 ተራ ዓይን ይሆንልሻል። ሊጨርስ 4 ዓይን ሲቀረው ቀኝ ጥምር፣ ከዚያ 2 ቀጥታ። እዚህ ደግሞ ተራዎቹ 2 ሲቀሩ ነው ቀጣዩን ድግግሞሽ የምትለውጪው።

እጅጌ

በ4 መርፌ 47 ዓይን፣ 14 ረድፍ ጠርዝ፣ ወደ 4.5። ዳንቴሉን እየሠራሽ በየ6 ረድፉ በሁለቱም ዳር አንድ አንድ ዓይን ጨምሪ፣ 15 ጊዜ። አጨማመሩ ከዳር ሁለት ዓይን ገባ ብለሽ በዓይኖቹ መካከል ያለውን አግድም ክር አንሥተሽ ጠምዝዘሽ መሥራት ነው። ካልጠመዘዝሽው ቀዳዳ ይከፈታል፣ እሱ ደግሞ እዚህ አይፈለግም። አዲሶቹን ዓይኖች ተራ ሥሪያቸው፤ በየዳሩ ስድስት ሲሞሉ አንድ አዲስ ድግግሞሽ ክፈቺላቸው። መጨረሻ 77 ዓይን ትደርሻለሽ። ከዚያ ሳትጨምሪ 18 ረድፍ። ዳንቴሉ 27 ጊዜ ሲሞላ ዝጊ። ሁለተኛውን እጅጌ ዛሬ ነገ ሳትዪ ወዲያው ጀምሪው፤ በወራት ልዩነት የሚሠራ እጅጌ እጅ ይለዋውጠዋል፣ አንዱ ጠበቅ አንዱ ላላ ይላል።

ማጠብና መወጠር

አምስቱ ቁራጮች አልቀው ጠረጴዛ ላይ ስታያቸው ቅር ሊልሽ ይችላል። ተጨማደው፣ ጠበው፣ ዳራቸው ተጠቅልሎ። አይዞሽ። ሳትሰፊያቸው በፊት ለብ ባለ ውኃ ትንሽ ሻምፑ አድርገሽ 20 ደቂቃ ዘፍዝፊያቸው። አትሺያቸው፣ አትጠምዝዣቸው። አለቅልቀሽ በፎጣ ጠቅልለሽ በእጅሽ ወይም በጉልበትሽ ተጫኚ፣ ውኃው ወደ ፎጣው ይገባል።

ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ንጹሕ አንሶላ ዘርጊ። ጀርባውን አስተኚና በሜትር እየለካሽ 50 በ56 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ወጥሪው፣ ዳር ዳሩን በየሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር በማይዝግ ስፒል ውጊው። መጀመሪያ አራቱን ማዕዘን፣ ከዚያ የየጎኑን መሃል፣ ከዚያ መካከሉን። ፊቶቹ 23 ተኩል፣ እጅጌው ከላይ 38 ተኩል፣ ርዝመቱ 43 ተኩል ገደማ። በዚህን ጊዜ ቅጠሎቹ በዓይንሽ ሥር ይከፈታሉ። የታጠፈው ሁሉ ይዘረጋል፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ አንሶላው ይታያል። እኔ ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ሥራዬን ትቼ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ስፒሉን አትንቀዪ። በበጋ አንድ ቀን ይበቃል። በክረምት፣ ጅማ ላይ ዝናቡ ሰኔ ገብቶ እስከ መስከረም ሲወርድ፣ ሁለት ቀንም ሦስት ቀንም ሊፈጅ ይችላል። መስኮት ክፈቺ፣ ፍራሹን ከግድግዳ አርቂው። እርጥብ ሱፍ ከታፈነ ይሸታል።

አክሪሊክ ከሆነ ውኃው ብቻውን አይበቃም፣ ስፒሉ ሲወጣ ተመልሶ ይሰበሰባል። እሱን እንደተወጠረ በካውያ እንፋሎት ስጪው። ካውያው ክሩን እንዳይነካ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገሽ አሳልፊው፣ ቀዝቅዞ እስኪደርቅም አትንኪው። ከነካው ይሞታል፦ ክሩ ይቀልጥና እንደ ላስቲክ ያብለጨልጫል፣ አይመለስም። አንድ የሰማያዊ እጅጌ እንዲህ ቀርቶብኛል። ለዚህ ነው መሞከሪያ ቁራጩን አትጣዪ ያልኩሽ። መጀመሪያ በእሱ ላይ ሞክሪ።

መግጠም

ትከሻውን አስቀድሚ። የየፊቱ 33 ዓይን ከጀርባው ዳርና ዳር 33 ዓይን ጋር ይገጥማል፣ መሃል ላይ የሚቀረው 35 የአንገት ነው። ከዚያ ከትከሻው ስፌት ወደ ታች በፊትም በጀርባም 19 ሴንቲ ሜትር ለክተሽ ምልክት አድርጊ። የእጅጌውን የላይኛ ጠርዝ መሃል ከትከሻው ስፌት ጋር አገናኝተሽ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ስፊው። ከዚያ ከእጅጌው ጫፍ ጀምረሽ እስከ ብብት፣ ከብብት እስከ ወገብ በአንድ ጉዞ ዝጊው።

የጎን ስፌቱን ከውጭ በኩል ነው የምትሠሪው። ሁለቱን ዳር ጎን ለጎን አስተኝተሽ፣ ከዳሩ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዓይን መካከል ያለውን ትንሽ አግድም ክር ከአንዱ አንሺ፣ ከዚያ ከሌላው፣ እንደ መሰላል። ጥቂት ከሄድሽ በኋላ ክሩን ቀስ ብለሽ ሳቢው። መሰላሉ ይዘጋል፣ ስፌቱ ይጠፋል። ያኔ ነው ዳር ላይ ያቆየናቸው ሁለት ሁለት ተራ ዓይኖች ጥቅማቸው የሚታይሽ።

ለፊቱ ጠርዝና ለአንገቱ በ4 መርፌ 8 ዓይን ጀምሪና ሁሉንም ረድፍ ቀጥታ እየሠራሽ ረጅም መቀነት የመሰለ ቁራጭ ሥሪ። ከግራው ፊት ታች ጀምሮ በአንገት ዞሮ እስከ ቀኙ ፊት ታች ይደርሳል፣ 130 ሴንቲ ሜትር ገደማ። እየሠራሽ እየሰፋሽው ሂጂ፣ በትንሹ ሳብ አድርገሽ። ካልሳብሽው ፊቱ እንደ ቅጠል ይወዛወዛል። የግራው ፊት እንደተሰፋ አምስት የቁልፍ ቦታ ምልክት አድርጊበት፦ የመጀመሪያው ከታች 1.5 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ከዚያ በየ8.5 ሴንቲ ሜትር፣ የመጨረሻው አንገቱ መጋደል ከሚጀምርበት ጥቂት ዝቅ ብሎ። በሁለት ምልክት መካከል ያለውን ረድፍ ቆጥረሽ ጻፊ። በቀኙ በኩል ስትወርጂ በዚያው ቁጥር መሠረት የቁልፍ ቀዳዳ ክፈቺ፦ 3 ቀጥታ፣ ቀዳዳ፣ ቀኝ ጥምር፣ 3 ቀጥታ። እዚህም አንድ ቀዳዳ አንድ ቅናሽ ነው።

ቁልፉን ከሹራቡ በፊት አትግዢ። ሹራቡን ይዘሽ ሂጂና በቀዳዳው ሞክሪው፤ ትንሽ ታግሎ የሚገባው ነው ትክክለኛው፣ ዘው ብሎ የሚገባ ዘው ብሎ ይወጣል። ከባድ የብረት ቁልፍ ዳንቴሉን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ቀላል ይሁን። ስትሰፊው ከኋላው ትንሽ ጠፍጣፋ ቁልፍ ደግፊበት፣ ክሩ ልል ዓይኖቹን አይቆርጣቸውም።

የነፍስ አድን ክሮቹን አሁን አንድ በአንድ ሳቢያቸው። የተረፈሽን ክር ከነወረቀቱ አስቀምጪ፣ ሚስማር የያዘው ቀን ያስፈልግሻል። ማንጠልጠያ ላይ አትስቀዪው፣ አጣጥፈሽ አኑሪው። ታጥቦ ሲደርቅም እንዲሁ። ቡና የሚሰጣበትን የሽቦ አልጋ አይተሽ የለ? ከመሬት ከፍ ብሎ ከላይም ከታችም አየር የሚያገኘውን? እንደዚያ ያለ ወንፊት ሽቦ በሁለት ወንበር ላይ ጋድም አድርጊ፣ ነጠላ አልብሺው፣ ሹራቡን እጅጌውን ዘርግተሽ ጥላ ላይ አስተኚው።